ከመቶ ሰማንያ አንድ

ሁለት መዝገቦች ሳይስማሙ የሚመሽበት ቀን ረጅም ነው። በባንክ ቤት መስኮት ሥር ዓመታት ያሳለፍሁ ሰው ነኝና ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ቀን ሙሉ የተቀበልሁትና የከፈልሁት ገንዘብ ማታ ተቆጥሮ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ፣ የውጪው በር ይዘጋል እንጂ ከውስጥ የሚወጣ የለም። ልዩነቱ አንድ ብር ብቻ ቢሆን እንኳ ይፈለጋል። «ምን አለበት፣ ከኪሴ ልጨምራት» የሚል አዲስ ሠራተኛ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ተቆጣጣሪው ግን አይፈቅድለትም። የጎደለችው አንዲት ብር፣ የአንድ ሺሕ ብር ትርፍና የአንድ ሺሕ አንድ ብር ጉድለት ተጋብተው የወለዷት ልትሆን ትችላለችና።

ፍለጋው የራሱ ጥበብ አለው። ልዩነቱ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ምናልባት ሁለት አሐዞች ተገለባብጠዋል፤ 540 የነበረው 450 ተብሎ ገብቷል። ለሁለት ተካፍሎ ግማሹ ከዕለቱ ሰነዶች መካከል ከተገኘ ደግሞ ገቢው ወጪ፣ ወጪውም ገቢ ተብሎ ተመዝግቧል። ሁለቱም ካልሆነ የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን አስቀምጦ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ መውረድ። በሁለቱም ያለው ምልክት ያገኛል፤ በአንዱ ብቻ ያለው ራቁቱን ይቀራል። ይህን ሒሳብ ማስታረቅ እንለዋለን። ቃሉን እወደዋለሁ። መዝገቦቹ እንደ ሰው ተጣልተዋል፤ እኛም ሽምግልና ተቀምጠንላቸዋል ማለት ነው።

ውድ አንባቢ፣ ስለ ባንክ ልጽፍ አልተነሣሁም። የተነሣሁት ስለ ጀርመንኛ ነው።

ታናሽ እህቴ ባለቤቷ ወደ ፍራንክፈርት ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ልጃቸው አባቱን የሚያውቀው በስልክ መስታወት ውስጥ ነው፤ አንዳንዴም ስልኩ ጠፍቶ ሳለ መስታወቱን ይስመዋል። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2007 ዓ.ም. ኦገስት ጀምሮ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከባሏ ወይም ከሚስቱ ጋር ለመኖር የሚገባ ሰው ከመነሣቱ በፊት ቀላል ጀርመንኛ ማወቁን እንዲያስመሰክር ትጠይቃለች። የሚጠየቀው ደረጃ ኤ አንድ ይባላል። ፈተናው ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር ነው፤ ከመቶው ለእያንዳንዱ 25 ነጥብ ይያዛል፤ ለማለፍ 60 ያስፈልጋል። እህቴ ቀን ትሠራለች፣ ማታ እናት ናት፤ ክፍል ገብታ የምትማርበት ሰዓት አልነበራትም። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት ተመዘገበች። ድርጅቱን ስሙን አልጠራውም፤ የሱ ዓይነት ብዙ ነው።

ትምህርቱ አርባ ስምንት ክፍሎች ነበሩት። አርባ ስድስቱን እንዳሻሽ እያፈራረቅሽ መሥራት ትችያለሽ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ክለሳዎች ግን የሚከፈቱት የቀረው ሁሉ ሲያልቅ ነው። አርባ ስምንቱ ሲያልቁ ደግሞ የሙከራ ፈተና ይከፈታል፤ ከእርሱም ጋር ከአንዲት ጀርመናዊት መምህርት ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገሩባቸው ሁለት ቀጠሮዎች አሉ። እህቴ ገንዘቧን የከፈለችው በዋነኛነት ለእነዚህ ሁለት ቀጠሮዎች ነበር። በሕይወቷ ከጀርመናዊ ጋር አንድ ቃል ተነጋግራ አታውቅም፤ የመናገሩ 25 ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራት ነበር።

በገጹ አናት ላይ አረንጓዴ መሥመር አለች፤ ሥራው በገፋ ቁጥር ትረዝማለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ እህቴም መሥመሯን እያየች ስድስት ወር ሄደች። ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አርባ ሰባተኛውን ልትከፍት ስትሞክር በሩ አልከፈት አላት። መሥመሯ ከመቶ ሰማንያ አንድ ላይ ቆማለች። የመማሪያ ጊዜዋ የሚያበቃው የካቲት 5 ነው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሠርቻለሁ» አለችኝ። «አልሠራሽም ይለኛል።»

እዚህ ላይ አንድ የጀርመንኛ ቃል ማንሣት ያስፈልገኛል። ጀርመኖች ሁለት ዓይነት «አዎ» አላቸው። አንደኛው ሁላችንም የሰማነው «ያ» ነው። ሁለተኛው «ዶኽ» ይባላል፤ መጨረሻው ላይ ያለችው ድምፅ የኛው «ኸ» ናትና ለእኛ አፍ አታስቸግርም። «ዶኽ» የሚባለው ሌላው ሰው «አይደለም»፣ «አላደረግህም»፣ «የለህም» ብሎ ሲክድ ብቻ ነው፤ ክህደቱን ገልብጦ እውነቱን መልሶ ያቆማል። በአማርኛ «ኧረ አድርጌያለሁ!» ስንል «ኧረ»ዋ የምትሠራውን ሥራ ጀርመኖቹ ለብቻዋ ቤት ሠርተውላታል። እህቴ ይህችን ቃል ከትምህርቱ ሁሉ አብልጣ ወደደቻት። ሰማንያ አንዱን አይታ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ይኸው ነበር። መስኮቱ ግን ጀርመንኛ ያስተምራል እንጂ ጀርመንኛ አይሰማም።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች። ከተጓደሉት መካከል ሁለቱን፣ አሥራ አንደኛውንና አሥራ ስምንተኛውን፣ እንደገና ሠራቻቸው። የሠራቻቸው ወደ ሥራ ስትሄድና ስትመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ውጤቱን አየች፣ ወራጅ አለ ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ማታ ስትከፍተው ሰማንያ አንድ። ይባስ ብሎ በእነዚህ ሁለቱ ላይ አዲስ ጽሑፍ ወጥቶባቸዋል፤ የእያንዳንዱ ክፍል መዝጊያ ፈተና የሚሞከረው ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ዕድልሽ አልቋል ይላል። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። ጀምራለች ብሎ ሁለት ጊዜ መዝግቧል፤ መጨረሷን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልመዘገበም።

ባንክ ቤት ሁለት አባባሎች አሉን፤ በአዲስ አበባ ኖሮ አንዱን ያልሰማ ሰው የለም። አንደኛው «ሲስተም የለም» ነው። ይህ ያናድዳል እንጂ አያዋርድም፤ ዝናብ ዘነበ እንደማለት ነው፣ ሁሉም እኩል ይጠብቃል። ሁለተኛው «ሲስተሙ አያሳይም» ነው። ይህኛው ሌላ ነገር ነው። ደረሰኙን በእጁ ይዞ የቆመውን ሰው ዐይኑ እያየ ውሸታም ያደርገዋል። አዛውንቶች ይህን ሲባሉ አይቻለሁ፤ የሚናደዱት ጥቂቶቹ ናቸው፣ ብዙዎቹ ደረሰኛቸውን እንደገና ማንበብ ይጀምራሉ፤ የገዛ እጃቸውን ይጠራጠራሉ። እህቴም በሦስተኛው ቀን «ምናልባት አልሠራሁት ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ነገሩ የእኔ ጉዳይ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

«ደብተርሽን አምጪልኝ» አልኋት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለም? እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳትጽፍ አትማርም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ይዛለች፤ በግራ በኩል የክፍሉ ቁጥርና ቀኑ፣ በመካከል አዳዲሶቹ ቃላት ከነትርጉማቸው፣ በቀኝ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጫሩ ጥቃቅን ማስታወሻዎች። «ላፕቶፕ»፣ «ስልክ»፣ «ከባድ ነው»፣ «መብራት ጠፋ»፣ «ልጁ ተነሣ»። ለማንም ብላ አልጻፈችውም። እኔ ግን ሳየው ካዝና የተከፈተልኝ ያህል ደስ አለኝ፤ ሁለተኛው መዝገብ ተገኝቷልና።

ማታ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን፤ እርሷ ከስልኳ እያነበበች፣ እኔ በእርሳስ ምልክት እያደረግሁ። ወዲያው አንድ እንቅፋት ገጠመን። ቀኖቹ አይገጥሙም። እርሷ ጥር 14 ያለችውን ክፍል መዝገቡ ጃንዩወሪ 21 ይለዋል፤ ጥር 14 ግን ጃንዩወሪ 22 ነው። የዘመን አቆጣጠሩን ለውጬ ስመጣ አሁንም አንድ ቀን ተረፈኝ። ምክንያቱ ሲገኝ ቀላል ነው። እህቴ የምትማረው በሌሊት ጥቅል ነው፣ ያን ቀን የሠራችው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ላይ ነው። መዝገቡ ያለበት ሰርቨር በጀርመን ሰዓት የሚቆጥር ሲሆን፣ በክረምታቸው ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ እዚያ ገና ከእኩለ ሌሊት በፊት 40 ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ ቀኑ አልተለወጠም። (በበጋቸው ደግሞ ሰዓታቸውን ስለሚያስቀድሙ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ይሆናል። እኛ ፀሐይን አንነካካትም።) አያቴ ብትኖር ከሰርቨሩ ጋር ትወግን ነበር፤ ለእርሷ ጎህ ሳይቀድ ቀን አይለወጥም።

ይህ አንድ ቀን ለእህቴ ምንም አላጎደለባትም። ነገር ግን በየቀኑ ሳያቋርጡ መማራቸውን የሚቆጥርላቸው ሰዎች በዚህ ዓይነቱ ክፍተት ስንት መቶ ቀን የገነቡት ሲፈርስ ያያሉ። ዱዎሊንጎ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. ከፒትስበርግ ለሕዝብ የተከፈተው ታዋቂ መማሪያ፣ ይህን የቀናት ሰንሰለት ዋና መለያው አድርጎታል፤ ሰው አንድ ቀን ቢያመልጠው ሰንሰለቱ እንዳይበጠስ የሚያስጠብቅ መላ ሳይቀር አዘጋጅቷል። እኔ እንደማየው የቀናት ቁጥር የሚያሳየው ሰው በሩን መክፈቱን ነው፤ ገብቶ ምን እንደ ሠራ አይናገርም። ቢሆንም ሰንሰለቱ በተበጠሰበት ሰው ላይ አልስቅም። ደብተር የሌለው ሰው ያለው ማስረጃ እርሱ ብቻ ነው።

ወደ ሽምግልናችን እንመለስ። ምልክት ሳይደረግባቸው የቀሩት ሰባት ክፍሎች ነበሩ፤ 11፣ 18፣ 19፣ 26፣ 33፣ 38 እና 42። አርባ ስድስት ሲቀነስ ሰባት ሠላሳ ዘጠኝ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ለአርባ ስምንት ሲካፈል ከመቶ ሰማንያ አንድ። ቢያንስ ማሽኑ መደመር ያውቃል። አሁን ጥያቄው የሰባቱ ዝምድና ምንድን ነው የሚለው ሆነ። ሰባቱም በስልክ የተሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን በስልክ ከተሠሩት ሃያ አምስት መካከል አሥራ ስምንቱ በትክክል ገብተዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የስልኩ ብቻ አይደለም። የክፍሎቹ ክብደት አይመሳሰልም፣ ሰዓቱም አይመሳሰልም። የቀኝ ጠርዙን ያየሁት መጨረሻ ላይ ነው።

«ልጁ ተነሣ።» «ልጁ ተነሣ።» «ልጁ ተነሣ።»

በሰባቱም ሌሊት ልጁ ነቅቷል። በደብተሩ ውስጥ «ልጁ ተነሣ» የሚል ማስታወሻ ስምንት ቦታ አለ፤ ስምንተኛው ግን መዝገቡ ላይ ገብቷል። እህቴን ጠየቅኋት። ብዙ አሰበችና «ያን ቀን ወጥቼ ነበር መሰለኝ፣ ከዚያ ነው ያለቀሰው» አለች። «ወጥቼ» ማለቷ ከክፍሉ መውጫ ላይ ያለችውን «ውጣ» የምትል ቁልፍ መንካቷን ነው። በሌሎቹ ሌሊቶች ግን የመጨረሻውን ጥያቄ መልሳ፣ ውጤቷን አይታ፣ ልጁ ሲያለቅስ ስልኩን ዘግታ ወደ አልጋው ሮጣለች። ታክሲ ውስጥም ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ የታክሲው ረዳት የልጁን ቦታ ተክቶ።

በዚያው ማታ አሥራ ዘጠነኛውን ክፍል በስልኳ እንደገና ሠራችና በቁልፏ ወጣች። መሥመሯ ወደ ሰማንያ ሦስት ዘለለች። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ፤ ለአንዲት አረንጓዴ መሥመር ሰው ያን ያህል ይደሰታል ብዬ አላስብም ነበር።

ይህ ለምን እንደሚሆን ከዚያ በኋላ ባነበብሁት መሠረት ላስረዳ። እንዲህ ያለ ትምህርት የሚካሄደው በተማሪዋ ስልክ ላይ ነው፤ መዝገቡ ግን በሩቅ አገር ያለ ሰርቨር ላይ ነው። በመካከላቸው የሚመላለሰውን መልእክት የሚገዙ ደንቦች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ስኮርም ይባላል፤ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ካቋቋመው ፕሮግራም የወጣ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. የወጣው እትሙ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ቃላቱን ወደ እኛ ብናመጣቸው፣ ትምህርቱ ለመዝገቡ አራት ነገር ይለዋል፤ ክፈት፣ ጻፍ፣ አጽና፣ ዝጋ። የእህቴ ዓይነቱ ትምህርት «አጽና» እና «ዝጋ» የሚሉትን የሚናገረው ተማሪው በሥርዓት ሲወጣ ብቻ ነው። በኮምፒዩተር ላይ መስኮቱን ብትዘጊው እንኳ ገጹ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻ ቃሉን ተናግሮ ይሞታል። ስልክ ግን እንዲህ አይደለም። ባትሪና ማስታወሻ ለመቆጠብ ሲል ከጀርባ ያለውን ገጽ ሳያስጠነቅቅ ይገድለዋል፤ ኑዛዜ የለም። የተጻፈው ሳይጸና ይቀራል።

ባንክ ቤት ይህ ቢሆን ምን እንደሚመስል አስቡት። ደንበኛው ገንዘቡን ያስረክባል፤ ቆጥሬ እቀበለዋለሁ፤ መዝገብ ላይ የማሰፍረው ግን በሩ ጋ ደርሶ «ደኅና ዋሉ» ካለኝ ብቻ ነው። ልጁ አልቅሶበት ሳይሰናበተኝ ከሮጠ ገንዘቡ የለም። ደረሰኝ የሚሰጠው እጅ በእጅ የሆነው ለዚህ ነበር። የመድኃኒቱን ነገር ሙያተኞቹ ያውቁታል፤ በየጥያቄው ማጽናት፣ ሰርቨሩ «ደርሶኛል» እስኪል ድረስ ሥራውን ስልኩ ላይ ማቆየት፣ አንዴ «ተፈጸመ» የተባለን ነገር በአሮጌ መልእክት አለመሰረዝ። ይህን ሁሉ የማያደርጉት ስለሚከብድ አይመስለኝም፤ ትምህርቱን ሲፈትሹት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ በፈጣን መሥመር፣ ልጅ በማያለቅስበት ቢሮ ውስጥ ስለሚፈትሹት ይመስለኛል።

መዝገብ የሚሳሳትባቸው ሌሎችም መንገዶች አሉ፤ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። በዚያው በ2001ዱ ደንብ የተማሪው ማስታወሻ የሚቀመጥባት ሥፍራ 4,096 ፊደላት ብቻ ትይዛለች፤ ረጅም ትምህርት ውስጥ ሥፍራዋ ስትሞላ ከዚያ በኋላ የተሠራው የሚጻፍበት ያጣል። እንዲህ ያለው ጥፋት የሚታወቀው ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሲቆሙ ነው። አንኪ የተባለው የቃላት ማጥኛ ደግሞ ስልኩና ኮምፒዩተሩ ሊታረቁ በማይችሉበት ጊዜ ባለቤቱን ራሱን ይጠይቃል፤ ከሁለቱ የትኛው ይሻር? ጨካኝ ጥያቄ ነው፣ አንዱን ስትመርጥ ሌላው ይጠፋልና። ቢሆንም ሳይጠይቁ ከመሻር ይሻላል።

ከቀሩት አራት ክፍሎችም እያንዳንዳቸውን በሁለት ሌሊት ሠርታ በቁልፏ ወጣች። መሥመሯ ከመቶ ዘጠና አንድ ደረሰች፤ አርባ አራት ለአርባ ስምንት። ዕድላቸው ያለቀባቸው 11 እና 18 ግን እንደ ተቆለፉ ቀሩ። ለእነርሱ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር።

ደብዳቤውን ከመናገሬ በፊት ስለነዚህ ሌሊቶች አንድ ነገር አለ። እህቴ በመጀመሪያ አንዱን ክፍል ስትሠራ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅባት ነበር፤ ደብተሩ ይመሰክራል። ስትደግመው የፈጀባት ሃያ ደቂቃ ነው። ይህን ስታዘብ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትዝ አለኝ። ይህ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ዓ.ም. ስለ ማስታወስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ትርጉም የሌላቸውን ቀለማት ደርድሮ በራሱ ላይ ሞክሯል፤ ያጠናል፣ ይረሳል፣ እንደገና ያጠናል። የለካው ግን በቃሉ የቀረውን ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው ጥናት ከመጀመሪያው ምን ያህል ባነሰ ጊዜ እንደ ተፈጸመ ለካ፤ ያተረፈውንም ጊዜ ቁጠባ ብሎ ጠራው። ሰው ጨርሶ ረስቼዋለሁ የሚለው ነገር እንኳ እንደገና ሲማረው ጊዜ ያተርፍለታል፤ የተቀመጠ ነገር ነበረና። የቁጠባ ሒሳብ ስከፍት የኖርሁ ሰው ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። የእህቴ ቁጠባ በየክፍሉ አርባ ደቂቃ ነው። አልሠራሽም የተባለችው ሥራ ባይሠራ ኖሮ ይህ አርባ ደቂቃ ከየት ይመጣል?

በዚያ ሰሞን በቢሮ ወረቀት ጀርባ ላይ ይህችን ሞነጫጨርሁ፤

ከእጄ የወጣ ሥራ ከመዝገብ ካልገባ፣
የት አደረ ይሆን ደጅ ለደጅ ሲባባ?

ሁለተኛው ስንኝ ከመጀመሪያው ይሻላል፤ የመጀመሪያው የባንክ ቤት ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል።

ደብዳቤውን ጥር 19 ቀን በእንግሊዝኛ ጻፍሁት፤ አጭርና ደረቅ አድርጌ። ሰባቱን ክፍሎች በሠንጠረዥ አስቀመጥሁ፤ የክፍሉ ቁጥር፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱ በጀርመን ሰዓት ተለውጦ፣ በምን መሣሪያ እንደ ተሠራ፣ እንዴት እንደ ተዘጋ። የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥቼ አያያዝሁ። በመጨረሻም፣ መጀመሯን የመዘገባችሁበት ሰዓት ከደብተሩ ሰዓት ጋር ይግጠም ወይም አይግጠም እናንተው እዩት አልሁ። «እህቴ ተጨንቃለች» አላልሁም። ሠንጠረዥ ማልቀስ የለበትም።

ከሁለት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ሲስተማችን እንዳላጠናቀቁ ያሳያል፤ እባክዎ በስልክዎ ላይ የተከማቸውን የገጹን መረጃ አጥፍተው እንደገና ይሞክሩ። ይህ ምክር በየቦታው ይሰጣል፣ አንዳንዴም ይጠቅማል። ነገር ግን ወደ ሰርቨሩ ያልደረሰ ሥራ ካለ፣ ያለው ስልኩ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ማጥፋት ሒሳብ አልገጥም ሲል ሰነዶቹን እንደ ማቃጠል ነው። እህቴን «እንዳትነኪው» አልኋትና ደብዳቤውን መልሼ ላክሁት፤ ከበላዩም አንድ መሥመር ጨመርሁ፦ ይህን ለቴክኒክ ክፍላችሁ አስተላልፉልኝ።

ሁለተኛው መልስ የመጣው ጥር 27 ቀን ነው። የጻፈው ሰው ሠንጠረዡን አንብቦታል። የሰባቱም መጀመሪያ ሰዓት በደቂቃዎች ልዩነት ከደብተሩ ጋር እንደሚገጥም፣ ትምህርቱ ውጤቱን የሚያጸናው በመውጫው ቁልፍ ላይ ብቻ መሆኑን እንደ ደረሱበት፣ ሌሎችም ተማሪዎች ሳይናገሩ እንዲሁ ሳይሆንባቸው እንዳልቀረ ገለጸ። ለደብተሩ ምስጋና አቀረበ፤ ለእኔ አይደለም፣ ለደብተሩ። እህቴ ገጿን ስትከፍት መሥመሯ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆናለች። ከመቶ መቶ።

ቀና ብዬ ሳያት ግን ፊቷ ላይ ደስታ ብቻ አልነበረም። ሰውየው ሁለቱን ክፍሎች ብቻ ለይቶ ከማረም ይልቅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ «ተፈጽሟል» ብሎ አልፏቸዋል። ገና ያልከፈተቻቸው 47ኛውና 48ኛው ሳይቀሩ ጎናቸው ላይ ምልክት ተደርጎባቸዋል። አሁን መዝገቡ በሌላው በኩል ተሳስቷል። ለኛ ይህ ትርፍ ይባላል፤ ከጉድለት እኩል ይፈለጋል።

«ተይው፣ ቀጠሮሽን ያዢ» አልኋት። የቀራት ስምንት ቀን ብቻ ነበር።

ቀጠሮዎቹን ያዘች፤ የመጀመሪያውን ለየካቲት 1፣ ሁለተኛውን ለየካቲት 4። ከዚያ በኋላ ግን፣ በዚያው ሌሊት፣ ልጁ ከተኛ በኋላ 47ኛውን ከፈተች፤ በማግሥቱም ሌሊት 48ኛውን። ከሳሎኑ ሆኜ ድምፅዋን እሰማ ነበር፤ ስለ ባቡር ጣቢያ፣ ስለ ዳቦ ቤት፣ ስለ ሐኪም ቀጠሮ እያለች ትመልሳለች፤ አንዳንዴ ትስቃለች። ስትጨርስ በቁልፏ ወጣች። መሥመሯ ሞልታ ስለ ነበር አልተንቀሳቀሰችም። እህቴም ደብተሯን አውጥታ በግራ በኩል «ጥር 28፣ ክፍል 48» ብላ ጻፈች፤ በቀኝ ጠርዙም ላይ «አልነቃም» ብላ ጨመረች።